ተቀያያሪ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ

ተቀያያሪ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ በውስጡ ሁለት የምስል ማቀናበሪያ ክፍሎችን ይዞ እንደ ሥራው ክብደት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀያየር ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ነው። አንደኛው ክፍል ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራና ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚወስድ ነው። ሁለተኛው ለብቻው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ፣ የራሱ ማስታወሻ ያለው፣ የበለጠ ኃይልና ሙቀት ያለው ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ገበያ ይህ ሁለተኛው ክፍል በአጭሩ «ካርድ» ወይም «ዴዲኬትድ» ይባላል፤ «ካርድ አለው» የሚለው የሻጭ ቃልም የላፕቶፑን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

ይህ ዓይነት ላፕቶፕ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገዛው በተማሪዎችና በወጣት ሠራተኞች ነው። ቀን ለትምህርትና ለቢሮ ሥራ፣ ማታ ደግሞ እንደ ፔስ፣ ፊፋና ጂቲኤ ላሉ ጌሞች እንዲያገለግል ይፈለጋል። አብዛኛው ገዢ አዲስ ሳይሆን ከውጭ አገር ተገልግሎበት የመጣውን፣ በገበያ ቋንቋ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለውን ነው የሚገዛው። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ሞዴል ይሻላል የሚለው ብቻ አይደለም፤ የተገዛው ካርድ በእርግጥ መኖሩና መሥራቱም ነው።

ታሪክ

ሁለት ግራፊክስ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ የመጣው ከባትሪ ችግር ነው። ኃይለኛ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ጽሑፍ ሲጻፍበትም ቢሆን ባትሪ ይጨርስ ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ቫዮ ኤስዜድ ላይ ተጠቃሚው በእጁ የሚያንቀሳቅሰው መቀየሪያ አስቀመጠ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር ኮምፒውተሩን ዘግቶ መክፈት ያስፈልግ ነበር። አፕል በ2008 መጨረሻ ባወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ ሁለት የኤንቪዲያ ክፍሎች አስገባ፤ ለመቀየር ግን ከተጠቃሚ መለያ ወጥቶ እንደገና መግባት ግድ ነበር። ይህን ያህል ጣጣ ስላለው ብዙ ሰው መቀየሪያውን ነክቶት አያውቅም።

ነገሩን የለወጠው ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ይፋ ያደረገው ኦፕቲመስ ነው። ኦፕቲመስ ያለ ተጠቃሚው ትእዛዝ ራሱ ይቀይራል፤ ካርዱ በማይፈለግበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ኤ.ኤም.ዲ. በበኩሉ ተመሳሳይ ዘዴውን መጀመሪያ ፓወርኤክስፕረስ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ኢንዱሮ ብሎታል። በ2020 ኤንቪዲያ «አድቫንስድ ኦፕቲመስ» የተባለውን አወጣ፤ ይህ ስክሪኑን በቀጥታ ወደ ካርዱ ማዞር የሚችል ሲሆን ውድ በሆኑ የጌም ላፕቶፖች ላይ እንጂ በርካሾቹ ላይ አይገኝም።

አሠራር

በኦፕቲመስ ላፕቶፕ ውስጥ ስክሪኑ ሁልጊዜ የተያያዘው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ከተሠራው ግራፊክስ ጋር ነው። ጌም ሲከፈት ካርዱ ይነቃና እያንዳንዱን ምስል፣ ማለትም ፍሬም፣ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ ይሥላል። ከዚያ ምስሉ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይገለበጣል፤ አብሮ የተሠራው ግራፊክስም ከዚያ አንሥቶ ወደ ስክሪኑ ይልከዋል። ካርዱ ሠዓሊ ነው፤ ሥዕሉን አደባባይ የሚያወጣው ግን ሌላው ነው።

ይህ ግልበጣ ፍጥነት ይቀንሳል ተብሎ ብዙ ይወራል። ስሌቱ ግን ያን ያህል አያስፈራም። 1366 በ768 ነጥብ ያለው ስክሪን እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢወስድ አንድ ፍሬም 4.2 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ቢሆን 252 ሜጋባይት ይሆናል። በ1920 በ1080 ደግሞ 500 ሜጋባይት ያህል ነው። ካርዱን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር በርካሽ ላፕቶፖችም ቢሆን በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ያሳልፋል። በመሆኑም ለቀላል ጌም የሚጠፋው ፍጥነት ጥቂት ነው። ኪሳራው ጎልቶ የሚታየው በሰከንድ ከመቶ በላይ ፍሬም በሚያወጡ ኃይለኛ ካርዶች ላይ ነው።

የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ክፍል እንደሚሠራ የሚወስነው ድራይቨሩ ነው። ኤንቪዲያ የታወቁ ጌሞች ዝርዝር አለው፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ጌም፣ በተለይም ከጓደኛ በፍላሽ የተገለበጠና የፋይሉ ስም የተለወጠ ከሆነ፣ በደካማው ክፍል ሊከፈት ይችላል። «ካርድ እያለው ጌሙ ይንቀራፈፋል» ለሚለው አቤቱታ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ማሻሻያ ወዲህ ባለው ዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 በሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ በሚለው ገብቶ ጌሙን በስም መርጦ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ማድረግ ይቻላል። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልም ተመሳሳይ ምርጫ አለ።

የካርድ ማስታወሻ መጠንና ፍጥነት

በገበያ ላይ ካርድ የሚለካው በጊጋ ነው፤ «2 ጊጋ ካርድ»፣ «4 ጊጋ ካርድ» ይባላል። ይህ መለኪያ ብዙ ገዢ ያሳስታል። የማስታወሻ መጠን የማስቀመጫ ስፋት እንጂ የሥራ ፍጥነት አይደለም። ትልቅ ጎተራ ያለው ገበሬ ሁሉ ፈጣን ወቂ አይደለም።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጂፎርስ 940ኤምኤክስ ነው። ይህ ካርድ በአንድ ስም በሁለት ዓይነት ማስታወሻ ወጥቷል። በዲዲአር3 የተሠራው በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ያሳልፋል፤ በጂዲዲአር5 የተሠራው 40 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል። በጌም ውስጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። 4 ጊጋ ዲዲአር3 ያለው 940ኤምኤክስ 2 ጊጋ ጂዲዲአር5 ካለው ወንድሙ የሚዘገየው ለዚህ ነው፤ ሻጭ ግን ለባለ 4 ጊጋው የበለጠ ይጠይቃል። ለማነጻጸር ያህል፣ በሁለት ቀዳዳ የገባ የተለመደ ዲዲአር4 ራም ራሱ በሰከንድ 38 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋል። ማለትም ርካሹ ካርድ ከኮምፒውተሩ የራሱ ራም ያነሰ መስመር ይዞ ነው «ዴዲኬትድ» የሚባለው።

ስምም ያሳስታል። ኤንቪዲያ በ2017 ያወጣው ኤምኤክስ130 በውስጡ ከ940ኤምኤክስ ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ ነው፤ ኤምኤክስ110 ደግሞ የ920ኤምኤክስ አዲስ ስም ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኤምኤክስ150 ግን በእርግጥ አዲስ ሲሆን 384 ኮርና በሰከንድ 48 ጊጋባይት የሚያሳልፍ ማስታወሻ አለው። እርሱም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ 25 ዋት፣ ሌላው ለቀጫጭን ላፕቶፖች የተዘጋጀ 10 ዋት። ስማቸው አንድ ሆኖ ባለ 10 ዋቱ በጣም ይዘገያል። ልዩነቱን የሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የካርዱ መነሻ ፍጥነት 1469 ሜጋኸርዝ ከሆነ ባለ 25 ዋቱ፣ 937 ከሆነ ባለ 10 ዋቱ ነው። ኤምኤክስ350 ከጂቲኤክስ 1050 ጋር እኩል 640 ኮር ቢኖረውም የማስታወሻ መስመሩ በግማሽ የጠበበ ነው።

በኤ.ኤም.ዲ. በኩል ሬዲዮን አር5 ኤም330፣ አር5 ኤም430 እና ሬዲዮን 520 በርካሽ የኤችፒ፣ የዴልና የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ በብዛት ይገኛሉ። እነዚህ 320 ኮር ብቻ ያላቸው ሲሆኑ በስድስተኛና በሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ካለው ግራፊክስ ብዙም አይርቁም። ለእነርሱ ሲባል ተጨማሪ ብር መክፈል ትርፉ ሙቀት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ «4 ጊጋ ካርድ አለው» ብሎ የዊንዶውስን መስኮት ማሳየት ነው። ዊንዶውስ «ቶታል አቬይለብል ግራፊክስ ሜሞሪ» ብሎ የሚጽፈው ቁጥር ከራም የሚጋራውን ይጨምራል፤ 8 ጊጋ ራም ባለው ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይህ ቁጥር ወደ 4 ጊጋ ይጠጋል። መታየት ያለበት «ዴዲኬትድ ቪዲዮ ሜሞሪ» የሚለው መስመር ነው። እዚያ ላይ 128 ሜጋ የሚል ከተጻፈ ካርድ የለም ማለት ነው። ሻጩ ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም፤ እርሱም የነገሩትን ነው የሚናገረው።

በመርካቶ

መርካቶ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ስሙም ከጣሊያንኛው ቀረ። ገበያው በየዕቃው ዓይነት በተራ የተከፈለ ነው፤ ሸማ ተራ፣ ብረት ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ዱባይ ተራ እየተባለ ይጠራል። አሮጌ ዕቃ ዳግም ሕይወት የሚያገኝበት ምናለሽ ተራም የዚሁ አካል ነው።

ላፕቶፕ በከተማው በሌሎች ቦታዎችም፣ በፒያሳ፣ በመገናኛና በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ይሸጣል። መርካቶ የሚለየው ሱቅ ከሱቅ ተጠጋግቶ ስላለ ዋጋ ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አለማስፈለጉ፣ ቻርጀር፣ ራምና መለዋወጫም እዚያው መገኘቱ ነው። ጉዳቱ ጥድፊያው ነው። ሱቁ ጠባብ፣ ሰው ብዙ፣ ሶኬቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ላፕቶፕን ሩብ ሰዓት ጌም እያጫወቱ መፈተሽ ለሻጩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያም ሆኖ ከጠዋት፣ ገበያው ሳይሞቅ የሚሄድ ገዢ ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል። ፈጽሞ አይቻልም የሚል ሱቅ ከገጠመ ጎረቤቱ ሱቅ አለ።

የዕቃው መነሻ ብዙውን ጊዜ ከቁልፎቹና ከቻርጀሩ ይታወቃል። በዱባይ በኩል የመጣ ላፕቶፕ በቁልፎቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል፣ በቻርጀሩ ላይ ሦስት ወፋፍራም ጥርስ ያለው ሶኬት ሊኖረው ይችላል። ከአሜሪካ የመጣው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው። የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ትልቁ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ የብር ዋጋው አብሮ ወጣ፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ገዢ ከአዲስ ወደ አሮጌ፣ ከስምንተኛ ትውልድ ወደ ስድስተኛ ወርዷል። በዚህ መጣጥፍ የብር ዋጋ ያልተጻፈውም በወር ውስጥ ስለሚያረጅ ነው።

የሞተ ካርድ

ተቀያያሪ ግራፊክስ ሲገዛ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። አንድ ካርድ ብቻ ባለው የድሮ ላፕቶፕ ካርዱ ከተበላሸ ስክሪኑ ይጨልማል ወይም ይሰነጣጠቃል፤ ማንም ያየዋል። በተቀያያሪው ግን ካርዱ ቢሞትም ላፕቶፑ ያለ ምንም ችግር ይነሣል፤ ዊንዶውስ ይከፈታል፤ ፊልም ይታያል። ሁሉም በአብሮ የተሠራው ግራፊክስ ነዋ! ጉድለቱ የሚታወቀው ቤት ደርሶ ጌም ሲከፈት ነው።

ካርዶች የሚሞቱት በአብዛኛው በሙቀት ነው። ቺፑን ከታችኛው ሳህኑ ጋር የሚያያይዙት ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች በመሞቅና በመቀዝቀዝ ብዛት ይሰነጠቃሉ። ኤንቪዲያ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በደረሰ እንዲህ ያለ ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ አስታውቆ ነበር። በጥገና ሱቆች ካርዱን በሙቅ አየር መለብለብ የተለመደ ነው፤ ይህ ቺፑን ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ያስነሣዋል እንጂ አይፈውሰውም። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ካርድ ትናንት የተለበለበ ሊሆን ይችላል።

የሞተ ካርድ በዊንዶውስ ውስጥ የሚታይባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። በዲቫይስ ማናጀር «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር ሁለት ስሞች ሊኖሩ ይገባል። አንዱ ላይ ቢጫ ምልክት ካለና ሲከፈት «ኮድ 43» ከሚል ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ችግር አለበት። ወደ ታች የሚያመለክት ትንሽ ቀስት ካለ ሆን ተብሎ ተዘግቷል፤ ለምን እንደተዘጋ መጠየቅና ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ስም ብቻ ካለ ደግሞ ወይ ካርድ የለም፣ ወይ በባዮስ ጠፍቷል። ለምሳሌ በሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 ባዮስ ውስጥ «ኢንቲግሬትድ» የሚለው ሲመረጥ ካርዱ ለዊንዶውስ ጨርሶ አይታይም። መዳፍ ማሳረፊያው ላይ ያለ የ«ጂፎርስ» ተለጣፊ ማስረጃ አይሆንም፤ ተለጣፊ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ ይለጠፋል።

ስሙ መታየቱም አይበቃም፤ መሥራቱ መታየት አለበት። ጂፒዩ-ዚና ፈርማርክ የተባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች በፍላሽ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ቻርጀሩ ተሰክቶ ፈርማርክ ለ15 ደቂቃ ያህል ሲሠራ፣ በታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ «ጂፒዩ 1» የተባለው ወደ 100 በመቶ መውጣት አለበት፤ የሚወጣው «ጂፒዩ 0» ከሆነ ፕሮግራሙ በደካማው ክፍል ነው የተከፈተው። በስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ላፕቶፑ ራሱን ካጠፋ ወይም ድራይቨሩ ወድቆ ከተነሣ አለመግዛት ነው። ፋኑ ድምፅ እያሰማ አየር ማውጣቱንም በእጅ መዳፍ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የታፈነ ማስወጫ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ አቧራውን ማጽዳትና የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱን መለወጥ ቀላል ጥገና ነው።

ቻርጀሩም የፈተናው አካል ነው። ካርድ ያለው ላፕቶፕ ካርድ ከሌለው የበለጠ ዋት ይፈልጋል፤ በ90 ወይም በ130 ዋት ፈንታ ባለ 65 ዋት ቻርጀር ከተሰጠ ላፕቶፑ ቢሠራም ጌም ላይ ይዘገያል። የዴል ላፕቶፖች የቻርጀሩን ማንነት በመሰኪያው መካከል ባለች ቀጭን መርፌ ያነባሉ፤ ካላወቁት ባትሪ አይሞሉም፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገያሉ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የተበላሸ ይመስላል፤ የተበላሸው ግን ቻርጀሩ ብቻ ነው።

በደረሰኝ ላይ የካርዱ ሙሉ ስም እንዲጻፍ ማድረግ ይመከራል። «ላፕቶፕ ኮር አይ 5» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ካርዱ በሳምንቱ ቢሞት ገዢው የሚያሳየው ነገር የለውም።

ፕሮሰሰርና ራም

ካርዱን ብቻ አይቶ ሌላውን መርሳትም አለ። «ኮር አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ሰባተኛ ትውልድ የሆነው አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ ስምንተኛ ትውልድ የሆነው አይ5-8250ዩ አራት አለው። ራም ለጌም ቢያንስ 8 ጊጋ፣ ቢቻል በሁለት ቀዳዳ 4 እና 4 ሆኖ ቢገባ ይመረጣል፤ ሁለት ራም ሲኖር መስመሩ በእጥፍ ይሰፋል። ኤስኤስዲ የጌሙን ፍጥነት አይጨምርም፤ የመክፈቻውን ጊዜ ግን በጣም ያሳጥራል፤ አሮጌ ላፕቶፕንም አዲስ ያስመስላል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ከድርጅቶች አገልግሎት ወጥተው የሚመጡ የቢሮ ላፕቶፖች ጥሩ ምርጫ ናቸው። ቲንክፓድ ቲ480 ከኤምኤክስ150 ጋር የተሠራበት ዓይነት አለው፤ ካርድ የሌለውም አለ፤ ከላይ ሲታዩ አይለዩም። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ከሬዲዮን ኤችዲ 8750ኤም ጋር ይገኛል። ለንድፍ ሥራ የተሠሩት የኤችፒ ዜድቡክ፣ የዴል ፕሪሲዥንና የቲንክፓድ ፒ ላፕቶፖች ኳድሮ የተባለ ካርድ ይይዛሉ። ብዙ ሰው «ኳድሮ ለጌም አይሆንም» ይላል፤ ነገር ግን ኳድሮ ኤም1000ኤም 512 ኮር ያለው ሲሆን ከ940ኤምኤክስ የተሻለ ያጫውታል። ክብደታቸውና የቻርጀራቸው ትልቅነት ነው ጣጣው፤ በታክሲ ለሚመላለስ ተማሪ ትከሻ ይከብዳሉ።

ጌሞች

በከተማው ሰፈሮች ከፕሌይስቴሽን ቤቶች የተለመዱት የኳስ ጌሞች በላፕቶፕም ቀዳሚ ናቸው። ፔስ 2013 እና ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል ውስጥ ባለው ኤችዲ 4000 ጭምር ስለሚሠሩ ለእነርሱ ሲባል ካርድ መግዛት አያስፈልግም። በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 ቢያንስ ጂፎርስ 9800 ጂቲ፣ በተሻለ ሁኔታ ጂቲኤክስ 660 ይጠይቃል፤ በ940ኤምኤክስና በኤምኤክስ150 በ1280 በ720 ነጥብና በዝቅተኛ ቅንብር ይጫወታሉ። በመጋቢት 2025 የወጣው የዚሁ ጌም የታደሰ ዓይነት ግን ቢያንስ ጂቲኤክስ 1630 ስለሚል ለእነዚህ ካርዶች አይሆንም። ቫሎራንት ከኤችዲ 4000 ጀምሮ ይቀበላል።

ወሰኑ ግልጽ የሚሆነው በፊፋ ነው። ፊፋ 19 ጂቲኤክስ 460 ይበቃው ነበር፤ ፊፋ 23 እና ከዚያ የተከተለው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ግን ቢያንስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይላሉ። የኤምኤክስ ቤተሰብ ከዚህ በታች ነው። አዲሱን ፊፋ መጫወት የግድ ከሆነ በጀቱን ወደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም 1650 ማሳደግ ነው፤ ካልሆነም በፔስ 2017 መርካት፤ እርሱ ዛሬም የሚጫወተው አላጣም።

ድራይቨርና ኦፐሬቲንግ ሲስተም

የካርድ ዕድሜ የሚያልቀው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ድራይቨሩ ሲቆምም ነው። ኤንቪዲያ ኬፕለር ለተባለው ትውልድ የላፕቶፕ ካርዶች፣ ማለትም ለጂቲ 730ኤም መሰሎች፣ የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2019 ነው። ማክስዌልና ፓስካል፣ ማለትም 940ኤምኤክስ፣ ኤምኤክስ150 እና ጂቲኤክስ 1050፣ በጥቅምት 2025 ተከተሉ፤ ለእነዚህ እስከ 2028 የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ይወጣል። ኤ.ኤም.ዲ. የአር5 እና የአር7 ኤም300 ዘመዶችን በ2021 ወደ ጡረታ ልኳል። የቆዩ ጌሞች በቆየ ድራይቨር ይሠራሉ፤ ስለዚህ ይህ ለቀላል ተጫዋች ወዲያው አይጎዳም።

የዊንዶውስ ጉዳይ የበለጠ ቅርብ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድንና ከዚያ በላይን እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 ን ይጠይቃል። ስለዚህ በስድስተኛና በስምንተኛ ትውልድ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ከሆነ ስምንተኛውን መምረጥ ተገቢ ነው።

በሊኑክስ ላይ ተቀያያሪ ግራፊክስ ለዓመታት ራስ ምታት ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ኤንቪዲያን በአደባባይ ያወገዘው ስለ አንድ የኦፕቲመስ ላፕቶፕ ሲጠየቅ ነው። ከ2011 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ባምብልቢ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ክፍተቱን ሞሉ፤ ኤንቪዲያ ራሱ ፕሮግራምን ለይቶ ወደ ካርዱ የመላክ ዘዴን በድራይቨሩ ያካተተው በ2019 ነው። የኤ.ኤም.ዲ. ካርዶች በሊኑክስ ላይ ያነሰ ጣጣ አላቸው፤ ድራይቨራቸው ከከርነሉ ጋር ይመጣል።

ካርድ አልባ አማራጭ

ከ2020 ወዲህ የርካሽ ካርድ ጥቅም ቀንሷል። በአሥራ አንደኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 እና አይ7 ውስጥ ያለው አይሪስ ኤክስኢ ከኤምኤክስ250 ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ በኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 5 3500ዩ ውስጥ ያለው ቬጋ 8 ደግሞ ከ940ኤምኤክስ ጋር ይወዳደራል። ሁለቱም የሚሞት ሁለተኛ ቺፕ የላቸውም፤ ቻርጀራቸውም ትንሽ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ባትሪያቸው ይቆያል። ሁለቱም ግን በራም ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ሁለት ራም ይፈልጋሉ። እንዲያውም አይሪስ ኤክስኢ ያለው ላፕቶፕ አንድ ራም ብቻ ከገባበት ዊንዶውስ ውስጥ ስሙ «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ተብሎ ይታያል፤ ሁለተኛው ራም ሲገባ ስሙም ፍጥነቱም ይመለሳል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው የተበየደ ስለሆነ ሁለተኛ ቀዳዳ መኖሩን ከመክፈል በፊት ማየት ያስፈልጋል።